ሄልሜቱ ከስቶር የሚወጣበት ቀን

ስልኩ ብዙ ጊዜ የሚጮኸው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ደዋዩ የመንግሥት ሰው አይደለም፤ ከእኛ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ያለ ሳይት ላይ የሚሠራ፣ እንደ እኔው ያለ ሰው ነው። «እኛ ጋ ናቸው፤ ወደናንተም ሳይመጡ አይቀሩም» ይልና ይዘጋዋል። ከዚያ በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ የሚሆነውን ልንገራችሁ። ግን ጠጋ በሉ፤ ጮክ ተብሎ የሚወራ ነገር አይደለም።

መጀመሪያ ስቶር ኪፐሩ ይፈለጋል። በሁለት ማዳበሪያ ታጭቀው ጥግ የያዙት 41 ሄልሜቶች ይወጣሉ፤ የአብዛኞቹ የውስጥ ማሰሪያ ከነላስቲኩ ነው። በዚያን ቀን ሳይቱ ላይ የገባው ሰው ደግሞ ከ130 ይበልጣል። ስለዚህ ሒሳብ ይሠራል። ከመንገድ የሚታዩት፣ ሶሌታ ላይ ያሉትና በሩ አጠገብ አሸዋ የሚነፉት ሄልሜት ይደርሳቸዋል። የቀሩት ወደ ጀርባ ይላካሉ፤ ወይም ካቦው «ዛሬ ቁርሳችሁን ረጋ ብላችሁ ብሉ» ይላቸዋል። ሳይታሰብ ረጅም ቁርስ የተፈቀደለት የቀን ሠራተኛ ምን እንደመጣ ያውቃል። ሻዩን ፉት እያለ እርስ በርሱ ይጠቃቀሳል።

ሄልሜቱ ሲታደል ፊርማ ይሰበሰባል። የአደጋ መከላከያ መሣሪያ መረከቢያ የሚባል ቅጽ አለ፦ ስም፣ የሥራ መደብ፣ የተረከበው ዕቃ፣ ቀን፣ ፊርማ። የቀኑን ቦታ ባዶ እንተወዋለን። ማታ ሁሉም ሰው ሲሄድ የሦስት ወር ወደ ኋላ ያለ ቀን ይሞላበታል። የሚሞላው ማን ነው ብትሉ፣ እኔ ነበርኩ።

ስድስት ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ በተለያዩ ሕንፃዎች ላይ የደኅንነት ባለሙያ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሳይት ላይ የሚጠሩን «ሴፍቲ» እያሉ ነው፤ የሰው ስም ይመስል «ሴፍቲ መጣ»፣ «ሴፍቲን ጥሩት» ይባላል። የድርጅቶቹን ስም አልጠራም፤ አንዱን ብጠራ ሌላው ንጹሕ ሊመስላችሁ ነው። የመጀመሪያው ቦታ የተቀጠርኩት ሰው እንዳይወድቅ ታስቦ እንዳይመስላችሁ። የጨረታው ሰነድ የደኅንነት ባለሙያ የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃ ይጠይቅ ስለነበር ነው። ጨረታው ሲገኝ ማስረጃዬ ሥራውን ጨርሶ ነበር፤ እኔ ግን ትርፍ ሆኜ ቀረሁ። ቢሮዬ የሲሚንቶ ስቶሩ እኩሌታ ነበር። ማታ ማታ አፍንጫዬን ስናፈጥ መሐረቡ ግራጫ ይሆናል።

የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ በሕጉ የተሰጠው ሥልጣን እንዲህ የዋዛ አይደለም። በሥራ ሰዓት ሳያስታውቅ ይገባል፤ ሠራተኛውን ለብቻው ያነጋግራል፤ መዝገብ አምጡ ይላል፤ ይስተካከል ብሎ ያዝዛል። በተግባር ግን ብዙ ጊዜ መኪና የለውም። አንድ ጊዜ ፒክአፕ ልከን አስመጣናቸው፣ ምሳ ጋበዝናቸው፣ በዚያው ፒክአፕ መለስናቸው። በገዛ መኪናችሁ ያመጣችሁት እንግዳ ሳታውቁ ደረሰባችሁ አይባልም። ይህን የምለው ሰዎቹን ለማሳነስ አይደለም። ከመካከላቸው ዓይናቸው ወንፊት የሆነ ገጥመውኛል። አንዱ፣ ጸጉሩ ገብስማ የሆነ ጎልማሳ፣ ሄልሜት ያደረጉትን ሰዎች አንድ በአንድ ካየ በኋላ ጠጋ ብሎኝ «ላብ የለበትም» አለኝ።

«ምኑ?» አልኩት።

«ማሰሪያው። ሦስት ወር የተደረገ ሄልሜት ግንባሩ ጋ ይጠቁራል።»

ከዚያም ባሬላ ይዛ ወደ ሁለተኛ ፎቅ የምትወጣ አንዲት ልጅ አስቆመና «እህቴ፣ ይቺን መቼ ነው የሰጡሽ?» አላት። ልጅቱ እኔን አየች፤ ካቦውን አየች፤ ባሬላውን ከኋላ የያዘችውን ጓደኛዋን ዘወር ብላ አየች። «ቆየት ብሏል ጋሼ» አለች። ሰውየው ፈገግ አለና ማስታወሻው ላይ የሆነ ነገር ጫር አደረገ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጣው ደብዳቤ ስለ ደረጃ መከለያ እንጂ ስለ ሄልሜት አንድ ቃል አልነበረውም። ያቺን ልጅ ግን አትርሷት፤ እመለስባታለሁ።

አሁን ስለ መወጣጫው። እውነቱን ለመናገር ሄልሜት የሥራው ትንሹ ነገር ነው፤ ለፎቶ ስለሚያምር ይወራለታል እንጂ ከአራተኛ ፎቅ የወደቀን ሰው ሄልሜት አያድነውም። ሰው የሚገድለው መወጣጫው ነው። ዛሬ ትልልቆቹ ሕንፃዎች ላይ የብረት ስካፎልዲንግ በብዛት ይታያል፤ መካከለኛውና ትንሹ ሕንፃ ግን አሁንም የሚቆመው በባሕር ዛፍ አጣና ተደግፎ ነው። በእንጨቱ በራሱ ጠብ የለኝም፤ አጣና በአግባቡ ከታሰረ ጎበዝ ነው። ችግሩ ዕድሜው ነው። ሲመጣ እርጥብ ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከአንዱ ሕንፃ ተነቅሎ ሌላው ላይ ሲመታ ሚስማሩ አዲስ ቀዳዳ ይፈልጋል። ሦስተኛው ሳይት ላይ ሲደርስ ጫፉ ሚስማር መያዝ ትቶ ሚስማር መቅመስ ይጀምራል።

እኔን ይህን ያስተማሩኝ ኮሌጅ ውስጥ አይደለም። ዕድሜያቸው የገፋ አንድ አናጺ ነበሩ፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። እያንዳንዱን አጣና ከማቆማቸው በፊት በመዶሻው ጀርባ መታ መታ ያደርጉና ጆሮአቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። ድምፁ ጥርት ብሎ «ኳ» ካለ ያነሡታል፤ ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጣቸው ወደ ጎን ይወረውሩታል። «ይኸኛው አርጅቷል፤ እኔ ባረጅ አሳዝናለሁ፣ እሱ ግን ሰው ይጥላል» ይሉኝ ነበር። ማታ ላይ የተወረወረው አጣና ተለቅሞ ወደ ክምሩ ይመለሳል። ጠዋት ጋሼ የሌሉበት ቡድን ያነሣዋል። እኔ ይህን አይቻለሁ? አይቻለሁ። ሪፖርት ጽፌያለሁ? ጽፌያለሁ። ሪፖርቱ የት ደረሰ? ፋይል ውስጥ። ለአንድ አጣና መግዣ የሚጠየቀው ፊርማ ብዛት ሰው ለመቅጠር ከሚጠየቀው ይበልጥ ነበር።

ክረምት ሲገባ ደግሞ መረማመጃው ላይ የፈሰሰው ጭቃና የኮንክሪት ውኃ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። መረማመጃው ስል ሁለት ጣውላ እንዳይመስላችሁ፤ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። የእጅ መደገፊያ ይሆን የነበረው ሞራሌ ሌላ ቦታ ተፈልጎ ተነቅሏል።

ሕጉ ምን ይላል ላላችሁ፣ ሕጉ አይታማም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92ን አንብቡት። አሠሪው የሥራውን አደጋ ለሠራተኛው ማስረዳት፣ የደኅንነት ኃላፊ መመደብ፣ የደኅንነትና ጤንነት ኮሚቴ ማቋቋም፣ የመከላከያ መሣሪያና ልብስ ማቅረብ፣ የደረሰውን አደጋ መዝግቦ ማሳወቅና ለአደገኛ ሥራ የሚመደበውን ሰው በራሱ ወጪ ማስመርመር አለበት። ከዚያም በላይ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ ቦታ የሠራተኛ መብት ነው ብሏል። ሁሉም አለ። እኛ ግን ከሥራው ይልቅ ወረቀቱን መሥራት ተማርን።

የኮሚቴውን ነገር ልንገራችሁ። ኮሚቴው በየወሩ መሰብሰብ ነበረበት። ለአንድ ዓመት አንድም ቀን አልተሰበሰበም። የፕሮጀክቱ ኦዲት ሲደርስ 12 ቃለ ጉባኤ ተፈለገ። በአንድ ሌሊት ጻፍኳቸው። ሰማያዊ፣ ጥቁርና ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ፣ ሦስት እስክሪብቶ ተጠቀምኩ። የመጋቢቱ ላይ ሆን ብዬ የሻይ ብርጭቆ አስቀመጥኩበት፤ ክቡ ሲወጣበት ያረጀ መሰለ። አጀንዳ ፈጠርኩ፣ ልዩነት ፈጠርኩ፣ በሰኔው ስብሰባ ላይ የሠራተኛ ተወካዩ የጓንት እጥረትን አጥብቀው እንዲያነሡ አደረግኩ። ኦዲተሩ «ኮሚቴያችሁ ንቁ ነው» አለኝ። የሠራተኛ ተወካዩ ማን እንደሆነ የሚያውቅ ሠራተኛ አልነበረም፤ ተወካዩ ራሱም አያውቅም።

ይህ ሁሉ ሰነፍ ቢሮ የሚሠራው ተራ ማጭበርበር ይመስላችኋል? እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ወረቀቱ ለምን እንደሚፈለግ የገባኝ ሰው የወደቀ ቀን ነው።

በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ሕጉ አሠሪውን ኃላፊ የሚያደርገው ጥፋት ባይኖርበትም ነው። ቸልተኛ ነበር ወይስ ጠንቃቃ ብሎ ክርክር የለም፤ ሰው ሥራ ላይ ከተጎዳ ካሳው በአሠሪው ላይ ነው። ማምለጫ በሩ ጠባብ ነው። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ ለምሳሌ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ከጣሰ፣ ወይም ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ ከገባ አሠሪው ይድናል። አሁን «በግልጽ የተሰጠ መመሪያ» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። መመሪያው መሰጠቱ በምን ይታወቃል? በሥልጠና ፊርማ ነው። ሄልሜት መሰጠቱስ? በመረከቢያ ቅጽ። እንግዲህ ያ የምሞላው ቀን፣ ያ የማስፈርመው ዝርዝር ለተቆጣጣሪው ብቻ አልነበረም። የወደፊት ተጎጂን ከወዲሁ ጥፋተኛ የሚያደርግ ዶሴ እያዘጋጀሁ ነበር። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ማንም መንገር አላስፈለገውም።

የወደቀው ልጅ ከገጠር ከመጣ ሁለት ወሩ ነው። ለሳኞቹ ሥር ልስን ያቀብላል። ከምሳ በኋላ፣ 8 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከሦስተኛ ፎቅ መረማመጃ ተንሸራቶ የአሸዋው ክምር ጠርዝ ላይ ወደቀ። አሸዋው ነፍሱን አተረፈለት፤ ዳሌውና ግራ እግሩ ግን ተሰበሩ። አልጮኸም። ዓይኑን አፍጥጦ የተሰበረውን እግሩን ሳይሆን የተደፋበትን ልስን ነበር የሚያየው፤ የሚያስከፍሉት መስሎት ነው። የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑ ተቆልፏል፣ ቁልፉ ስቶር ኪፐሩ ጋ ነው፣ ስቶር ኪፐሩ ሲሚንቶ ሊያመጣ ወጥቷል። ሣጥኑን በፌሮ ሰበርነው። ውስጡ ጊዜው ያለፈበት አልኮልና ግማሽ ጥቅል ፋሻ ነበር። ዳሌ ለተሰበረ ሰው ፋሻ ምን ያደርግለታል!

እኔ 907 ልደውል ስልኬን አወጣሁ። የሳይቱ ኃላፊ እጄን ያዘኝ። «አምቡላንስ ሲመጣ ሰው ይሰበሰባል፤ በታክሲ ውሰደው» አለኝ። ዳሌው የተሰበረ ሰው ተቀምጦ ታክሲ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ላስረዳችሁ አልችልም። ከእኛ ጋር አንድ ፎርማን ገባ። ሆስፒታሉ በር ላይ ካርድ የምታወጣዋ ሴት «ምን ሆኖ ነው?» ስትል ከእኔ ቀድሞ የመለሰው ፎርማኑ ነበር። «ከቤት ደረጃ ወድቆ ነው።» ሴትዮዋ ጻፈች። ያቺ አንዲት መስመር ልጁን ከአጥንቱ ስብራት በላይ ጎዳችው ማለት ይቻላል፤ አጥንት ይጠገናል፣ የካርድ መስመር ግን ፍርድ ቤት ድረስ ትከተላለች። የሚያጅብ ሰው የሚላከው ለምን ይመስላችኋል?

በሦስተኛው ቀን ኃላፊው የሥልጠና መገኘት ዝርዝር ሰጠኝ። ርእሱ «በከፍታ ላይ በጥንቃቄ ስለመሥራት» ይላል፤ ቀኑ ከአደጋው አሥር ቀን በፊት ነው፤ 23 ሰው ፈርሟል፤ ሀያ አራተኛው መስመር ላይ የልጁ ስም ተጽፎ ፊርማው ቦታ ባዶ ነው። የአሻራ ቀለሙን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ሆስፒታል ሄድኩ። ልጁ እግሩ ላይ ክብደት ተንጠልጥሎለታል። ብርቱካን ይዤለት ነበር። «ሴፍቲ፣ ሥራዬ አለልኝ አይደል?» አለኝ። አውራ ጣቱን ያዝኩት፤ ልስን የበላው ጣት ነው፣ አሻራው ራሱ ተፍቋል። ቀለሙን ነካሁለት። ወረቀቱን አውጥቼ ጭኔ ላይ ዘረጋሁ። ከዚያ... አላስፈረምኩትም። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ የአጎቱ ልጅ በሩ ላይ ቆሞ እያየኝ ነበር፤ ፈራሁ። ቀለሙን በሶፍት ጠረግኩለትና «የሆስፒታሉ ነው» አልኩት። የዋሸሁትን ዋሽቼ ወጣሁ። ወረቀቱ ላይ አንድ ሰው በኋላ ጣቱን አሳርፎበታል፤ የማን ጣት እንደሆነ ግን አልጠየቅኩም።

ልጁ ምን ይገባው ነበር? ቁጥሩ የተሰወረ አይደለም። የሕክምናው ወጪ ሙሉ በሙሉ በአሠሪው ነው፤ ሰው ሠራሽ አካልና ክራንች እንኳ ቢያስፈልግ ይጨምራል። ሥራ መሥራት ባልቻለበት ጊዜ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለቀሩት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል። ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ መሥራት ካልቻለና በጡረታ ሕግ ካልተሸፈነ የ5 ዓመት ደመወዙን ያህል ካሳ አለው። ያገኘው ምንድን ነው? የመጀመሪያው ሳምንት መድኃኒት፣ የአንድ ወር ክፍያ በፖስታ፣ የአውቶቡስ ትኬት። አጎቱ በሽምግልና ተጠሩ፤ ቡና ተፈላ፤ «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለንም» የሚል ወረቀት ተፈረመ። እኔ ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀምጬ ቡናውን ጠጥቻለሁ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ማስፈራሪያ አለ፤ ስሙትና ተዉት። «ውል የለህም፤ የቀን ሠራተኛ ነህ፤ ማን ነኝ ብለህ ትከስሳለህ?» ይባላል። ውሸት ነው። ውል በጽሑፍ አለመሆኑ ሠራተኛውን ከመብቱ አያወጣውም፤ ሕጉ በግልጽ ተናግሯል። «የሰብ ኮንትራክተሩ ሰው ነው፣ የኔ አይደለም» የሚለው ደግሞ ወንድሙ ነው፤ ሰብ ኮንትራክተሩ ጋ ስትሄዱ «ዋናው ኮንትራክተር ነው የሚከፍለኝ» ይላችኋል፤ በዚህ መሐል ጊዜው ይነጉዳል። ለጉዳት ካሳ ክስ ያለው ጊዜ ደግሞ አንድ ዓመት ነው። ሠራተኛው የዳኝነት ክፍያ እንደማይጠየቅ እንኳ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ማስረጃው ግን ከእናንተ ይፈለጋል፤ ስለዚህ ደመወዝ የተከፈለበት ዝርዝር ላይ ስማችሁ ያለበትን ገጽ በስልክ አንሡት። አቴንዳንሱን አንሡት። ከሰው ጋር ሆስፒታል ስትሄዱ ካርድ ክፍሉ ጋ አፋችሁን ቀድማችሁ ክፈቱ፤ «ሥራ ቦታ ነው የወደቀው» በሉ፣ ሲጻፍ ዓይናችሁን ከወረቀቱ አትንቀሉ።

እምቢ ማለትስ ይቻላል? ሁሌ የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ሥራ ድርጅትን 155ኛ ስምምነት የተቀበለችው በ1983 ዓ.ም. ነው፤ ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት። ያ ስምምነት ለሕይወቱ ወይም ለጤናው ከባድና የቀረበ አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት ያመነ ሠራተኛ ከሥራው ዞር በማለቱ እንዳይጎዳ ይላል። የእኛው አዋጅ አንቀጽ 32 ደግሞ ከዚህ ለየት ያለ መንገድ አለው፦ አደጋ መቃረቡን አሠሪው እያወቀ፣ ከባለሥልጣኑ ወይም ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከራሱ ከሠራተኛው ማስጠንቀቂያ ደርሶት በጊዜው ካላስወገደ፣ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። ይህን መብት ለመጠቀም ያለው 15 የሥራ ቀን ብቻ ነው፤ ሲለቅም ምክንያቱን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። «ራሱ ሠራተኛው» የምትለዋን ቃል ነው የምወዳት። ማስጠንቀቂያ ለመስጠት ማኅበር አባል መሆን አያስፈልግም፣ ተወካይ አያስፈልግም። ግን በአፍ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ከካቦው ጆሮ አያልፍም። ካቦው «አልነገረኝም» ይላል፤ ያበቃል።

አንድ ጊዜ የመሠረት ቁፋሮ ላይ ነበርን። አፈሩ ጥቁር ነው፤ ክረምት ውኃ ጠጥቶ የሚያብጥ፣ በጋ የሚሰነጠቅ፣ የአዲስ አበባ ሰው በቤቱ ግድግዳ ስንጥቅ የሚያውቀው። ጉድጓዱ ከ4 ሜትር በላይ ወርዷል፤ ግድግዳው አልተደገፈም። ሌሊቱን ዘንቦ ጠዋት ጠርዙ ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ታየ። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከ1.5 ቶን በላይ ይመዝናል፤ ደረቱ ድረስ የተቀበረ ሰው ጭንቅላቱ ውጭ ቢሆን እንኳ መተንፈስ ያቅተዋል። ይህን ለኢንጂነሩ ነገርኩት። «ዛሬ መጨረስ አለብን፤ ነገ ኮንክሪቱ ይመጣል» አለኝ። ወደ ቢሮዬ ሄድኩ። እውነቱ ይኸው ነው፤ ወደ ቢሮዬ ሄድኩ።

ከቆፋሪዎቹ መካከል ዱባይ ስድስት ዓመት ሠርቶ የተመለሰ አንድ ሰው ነበር። እዚያ በበጋ ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ መሥራት ክልክል መሆኑን ሲያወራ ልጆቹ ተረት ይመስላቸው ነበር። ይህ ሰው መሰላሉን ወጣ፣ አካፋውን አፈር ላይ ተከለ፣ ስልኩን አወጣና ስንጥቁን ፎቶ አነሣ። መጠኑ እንዲታወቅ እጁን ስንጥቁ ውስጥ ከትቶ ሁለተኛ አነሣ። ከዚያ በቴሌግራም ለኢንጂነሩ፣ ለኮንሰልታንቱና ለእኔ ላከው። ከሥሩ የጻፈው አንድ መስመር ነበር፦ «ግድግዳው ተሰንጥቋል፤ ካልተደገፈ አንወርድም፤ 4 ሰዎች ነን።» ኢንጂነሩ ጮኸ፣ «ሁላችሁንም አባርራለሁ» አለ። ሰውየው መልስ አልሰጠም፤ ሲጋራውን ለኮሰ። ከሁለት ሰዓት በኋላ አጣናና ጣውላ መጥቶ ግድግዳው ተደገፈ። ለምን መሰላችሁ? ኮንሰልታንቱ መልእክቱን አይቶታል። ሁለቱ ምልክቶች ታይተዋል። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ቢፈጠር «አላወቅንም» የሚል ሰው አይኖርም።

ግድግዳው ከዚያ በኋላ ተናደ? አልተናደም። ስለዚህ ኢንጂነሩ እስከ ዛሬ «በከንቱ ሁለት ሰዓት አቃጠሉብኝ» እያለ ያማቸዋል። የዚህ ሥራ ዕዳው ይህ ነው፤ ያልወደቀውን ሰው ማንም አይቆጥረውም።

ስለ አቧራው ብዙ አልልም፤ እሱ ራሱን የቻለ ወሬ ነው። ግራናይትና ሴራሚክ በደረቁ የሚቆርጡት ልጆች ሳንባ ውስጥ የሚገባው የሲሊካ አቧራ ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳው አይድንም። እኛ ለዚህ የምንሰጠው ወተት ነው። በየጋራዡና በየፋብሪካው ወተት አቧራ ያጥባል ተብሎ ይታመናል። ወተት ወደ ጨጓራ እንጂ ወደ ሳንባ አይሄድም። መቁረጫው ላይ ውኃ የሚያንጠባጥብ ቀጭን ጎማ ቢታሰር ከመቶ ሊትር ወተት ይበልጣል። ይህን ብናገር ልጆቹ ራሳቸው ጠሉኝ፤ ወተቱን የማስቀርባቸው መሰላቸው። አልፈርድባቸውም። ከወተቱ ሌላ የተሰጣቸው ነገር አልነበረም።

ወደዚያች ባሬላ ተሸካሚ ልመለስ። ተቆጣጣሪው በሄደ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሄልሜቶቹ ይሰበሰባሉ፤ ይህም የሥርዓቱ አካል ነው። ስቶር ኪፐሩ በር ላይ ቆሞ ይቆጥራል። 40 ሆነ። እንደገና ቆጠረ፤ 40። በማግሥቱ ጠዋት ልጅቱ ሄልሜቷን አድርጋ መጣች። ከሥሩ ነጠላዋን አጣጥፋ አድርጋበታለች፣ እንዳይላላባት። ስቶር ኪፐሩ አፈፍ አድርጎ ሊወስድባት ሲል ወደ ኋላ ሸሸት አለችና «ፈርሜበታለሁ!» አለችው።

«ለትናንት ነው የፈረምሽው!» አላት።

«ታዲያ ወረቀቱን አምጣው፤ የምመልስበት ቀን ተጽፎበት እንደሆነ ይታይ።»

ስቶር ኪፐሩ ወደ እኔ መጣ። ፋይሉን ከፈትኩት። ቅጹ ላይ የመመለሻ ቀን የሚባል ዓምድ የለም። ስሟ 17ኛው መስመር ላይ አለ፤ ዕቃው «ሄልሜት 1»፤ ፊርማዋ ጥብቅ ያለ የአራተኛ ክፍል እጅ ጽሑፍ ነው። ከጎኑ በራሴ እጅ የሞላሁት ቀን አለ። በዚያ ቀን መሠረት ሄልሜቱ ከእሷ ጋር ሦስት ወር ሆኖታል። ስቶር ኪፐሩ ቀኑን አየው፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ።

«ምን ልበላት?» አለኝ።

«ተዋት» አልኩት።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ጓደኞቿን አስከትላ ቢሮዬ መጣች። «ሴፍቲ፣» አለችኝ፣ «እነዚህም ፈርመዋል። የነሱን ስጣቸው።»